የወንድሜ ሞተር መሪ

ከወልድያ የወጣሁት በማለዳ፣ ባጃጆቹ ገና ሳይበዙ ነው። ጉዞዬ ወደ ግራና ነበር፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝና ፍየሎቻቸውን ለማስከተብ የተቀጣጠሩ ገበሬዎች ይጠብቁኛል። ክትባቱን ከነበረዶ ሳጥኑ ከኋላዬ አስሬዋለሁ። የምነዳው ሞተር ግን የታላቅ ወንድሜ የይማም ነው።

ይማም ቁመቱ ሎጋ ነው፤ እኔ ትከሻው ላይም አልደርስ። ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ከግቢ መውጣትም ትቷል። ሞተሩን ሲሰጠኝ፣ «ንጂው ዘይነባ፤ መሪውን ግን እንዳታስነኪው። ስድን እንደተውኩት ላግኘው» አለኝ። ሐኪሙ ዳግመኛ ሞተር ላይ እንደማይወጣ ነግሮታል። እሱ አልተቀበለውም፤ እኔም ደፍሬ አላነሳሁበትም።

ቁልቁለቱ

እስከ ሲሪንቃ መንገዱ ጠመዝማዛ አስፋልት ነው። በሁለቱም ወገን ማሽላው ፍሬ ይዞ ጎንበስ ብሏል። መሪው ለእኔ ዝቅ ያለና የራቀ ስለሆነ ክንዴን ወጥሬ፣ ወደፊት ተደፍቼ ነው የምይዘው። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ክብደቴ ሁሉ እጄ ላይ ያርፋል። እንደ ወትሮው መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፣ ቀጥሎ መዳፌ።

ሲሪንቃን አልፌ ከአንድ መታጠፊያ ስወጣ ግመሎች አስፋልቱን ሞልተውታል። ፍሬኑን ልይዝ ስል ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። በእግር ፍሬኑ ብቻ ወደ ዳር ወጣሁና ጠጠሩ ላይ ተንሸራትቼ ቆምኩ። የኋለኛዋ ግመል ልብሴን ታካ አለፈች።

ግመሎቹን የሚነዱት አዛውንት እየሮጡ መጡ። «አልሐምዱሊላህ! ምን ነካሽ ልጄ?»

«እጄ ነው አባቴ፣ አልሰማ አለኝ።»

መዳፌን በሁለት እጃቸው ይዘው አሹልኝ። «እጅ የማይሰማ ከሆነ ታዲያ በምን ልትይዢው ወጣሽ?» አሉኝ።

መርሳ

መርሳ ስገባ ፓፓያውና ማንጎው መንገድ ዳር ተከምሯል፤ ወቅቱ ስለሆነ ረክሷል። አንድ ማንጎ ልጬ እየበላሁ ሞተሩን ጋሽ አያሌው የሚባሉ ሜካኒክ ዘንድ ገፋሁት። ከመንካታቸው በፊት ተቀመጪበት አሉኝና ከጎን ቆመው ተመለከቱኝ።

«ክርንሽ ተገትሯል፤ ትንሽ መታጠፍ ነበረበት። ይኼ ለሌላ ሰው የተስተካከለ ነው።»

«ለወንድሜ ነው።»

«ይነዳዋል?»

እጀታዎቹን ለቀቅኩ። ከዚያ፣ «አይነዳውም» አልኩ። ቃሉን ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። «ይፍቱት ጋሽ አያሌው።»

ብሎኖቹን አላልተው መሪውን ወደ እኔ መለሱት፤ ከፍ እንዲል ደግሞ ከሥሩ ወፍራም ብረት ደገፉት። አጥብቀው ሲጨርሱ ሞተሩን አስነስተው መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞሩት። «ከፍ ሲል የነዳጅ መስጫው ገመድ ከተወጠረ፣ ስትታጠፊ ሞተሩ በራሱ ይጮሃል። ያ ነው አደጋው» አሉ። ሞተሩ አልጮኸም።

ግራና

ከመርሳ ወዲያ ኮረኮንች ነው፤ ወንዝም ይሻገራል። ወገቤን ቀና አድርጌ ነዳሁ። ከፊቴ ካለው ጎማ አልፌ ተራራዎቹን ሳይ ያ መንገድ አዲስ መሰለኝ። በረዶው ሳይቀልጥ ደረስኩ። እትዬ ፋጡማ የምትባል ደንበኛዬ ፍየሏን ይዛልኝ፣ «ባለፈው መርፌው በእጅሽ ሲንቀጠቀጥ እኔ ነበርኩ የምፈራው። ዛሬ ፍየሌም አላወቀች» ብላ ሳቀች።

ቤት

ስመለስ ግን ልቤ ከበደ። ይማም ድምፁን ሰምቶ በምርኩዙ በር ላይ ወጣ። ዓይኑ ቀጥታ መሪው ላይ አረፈ።

«አስነካሽው።»

«አዎ። ከግመል ልጋጭ ነበር፤ እጄ ደንዝዞ ፍሬኑን አልያዘልኝም።»

«ይደነዝዝሽ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተስፋህን የምወስድብህ መሰለኝ።»

ዓይኑን ከመሪው አንስቶ ወደ እጄ አየ። የሚቆጣ መስሎኝ መሬት መሬት አየሁ። «እስቲ ውጪበት» አለኝ በመጨረሻ። ወጣሁ። ደረጃውን ቀስ ብሎ ወርዶ ዙሪያዬን ዞረ።

«የፍሪሲዮኑ እጀታ ዝቅ ብሏል፤ እጅሽ ወደ ታች ይታጠፋል። መፍቻ አምጪልኝ።»

በአንድ እጁ የነዳጅ ታንከሩን ተደግፎ፣ ማርሽ ስቀይር የምጨብጠውን እጀታ ራሱ ቀና አደረገልኝ። ፊቱ አዝኗል፤ እጁ ግን ሥራውን ያውቃል። ዝምታዬን ለእሱ እንደ መራራት ቆጥሬው ኖሬ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ከተሰበረው ዳሌው ጋር ብቻውን ነበር የተውኩት።

ብሎኑን አጥብቆ ቀና አለ። «ነገስ ወዴት ነሽ?»

«ወደ ሐራ።»

«የሐራ መንገድማ በደንብ ይፈትንሻል። ስትመለሽ እንዴት እንደሆነልሽ ትነግሪኛለሽ» አለና ለነገ እንዲመቸኝ ሞተሩን እስከ ግቢው በር ድረስ በአንድ እጁ አብሮኝ ገፋ።