ማሞቂያዋ አጠገብ

ከበሮ መቺው ኮቱን ለራሱ አይለብስም ነበር፤ ከበሮውን ነበር የሚያለብሰው። ቆዳው ከቀዘቀዘ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ስለዚህ ከባልደረባው ጋር በሚጋራው ክፍል ውስጥ ያለችውን አንዲት ማሞቂያ ለማንም አይለቅም ነበር። ባልደረባው ዋሽንት ነፊ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ያደጉበት ዜማ ለየቅል ነው። ዋሽንት ነፊው ማሳል ከጀመረ ወዲህ ግን ኮቱም ማሞቂያዋም የእሱ ሆነዋል።

ዛሬ መድረክ ሊወጡ ሲሉ የአዳራሹ ጥበቃ፣ «ከበሮህን ምን ነካው? ድምፁ ሞቷል» አለው።

«ጉንፋን ይዞታል» አለ ከበሮ መቺው ፈገግ ብሎ።

ዋሽንት ነፊው ሰማ። አጭሩን ዋሽንት አስቀምጦ ከላላው ከበሮ ዝቅተኛ ድምፅ ጋር የሚገጥመውን፣ ትንፋሽ የሚጨርሰውን ረጅሙን አወጣ።

«ተው፣ አንተ ሽማግሌ» አለው ከበሮ መቺው።

አልተወም። ከበሮ መቺው መዳፉን አለስልሶ ጀመረለት፤ ዓይኑን ግን ከባልደረባው ደረት ላይ አላነሳም።