ማንኪያ የሚያቆም ሚልክሼክ

እትዬ ከጀርመን ይዛ የመጣችው ሦስት ነገር ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ መፍጫ፣ ሁለት ቆርቆሮ የካካዎ ዱቄት፣ እና አንድ ወሬ። መፍጫው በሁለተኛው ወር የተቃጠለ ጎማ መሽተት ጀመረ። ካካዎውም አለቀ። ወሬው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

በፊቷ አንቱ ነው የምላት። ያኔ ዓይኗንም አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስታናግረኝ የማየው ጫማዋን ነበር። ወረቀት ግን አይቆጣም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ወሬው እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቷ ለሦስት ወር ስልጠና ልኳት በነበረ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ካፌ ወስደው ሚልክሼክ የሚሉትን የቸኮላት ወተት አጠጧት። ወፍራም ነው። ማንኪያ ብትተክልበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰው ሁሉ "ጀርመን እንዴት ነው?" ሲላት የምትመልሰው ይህንኑ ነበር። ስለ ስልጠናው አንድ ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። መንግሥት ሰው በአውሮፕላን ጭኖ፣ ባሕር አሻግሮ የላከው ማንኪያ ሲቆም አይቶ እንዲመለስ ነው ማለት ነው።

የምንኖረው ልደታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ያለ የኪራይ ቤቶች ግቢ። ባሏን ጋሼ ነው የምለው፤ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ተፈትኜ ሳልፍ በአገራችን ሰባተኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በቅርብ አልነበረም። "እኔ ዘንድ ትምጣ፤ ማታ ማታ ትማራለች" ብሎ አባቴን የለመነው ጋሼ ራሱ ነው። ይህን ሲል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የተማርኩት ግን የእትዬ የሐር ሸሚዝ በፈላ ውሃ እንደማይታጠብ ብቻ ነው።

የማታው ትምህርት ቤት የሚጠይቀው አንድ ፎርም ነበር፤ "ልጅቷ እኔ ቤት ትኖራለች፣ ማታ እንድትወጣ ፈቅጃለሁ" የሚል ፊርማ። በመጀመሪያው ዓመት ጋሼ "እትዬን ጠይቂ" አለኝ። እትዬ ደግሞ "ጋሼን ጠይቂ" አለችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ የመጠየቅ ድፍረት አጣሁ፤ መዝገቡም ተዘጋ። በሚቀጥለው ነሐሴ ፎርሙን እንደገና አመጣሁ። እትዬ ተቀብላ ፍሪጁ ላይ ወረወረችው።

"የጋሼ አለቃና ባለቤቱ ፍልሰታ በተፈታ በእሑዱ ይመጣሉ" አለችኝ። "ሚልክሼክ ነው የማቀርብላቸው። ከሠመረ እፈርምልሻለሁ። ካልሠመረ ግን፣ ወተት መምታት ያቃታት ልጅ ሰባተኛ ክፍል ገብታ ምን ልትፈጥር ነው?"

ምዝገባው የሚዘጋው በማግስቱ ሰኞ ነበር። ሰባተኛ ክፍል መግባቴ በአንድ ብርጭቆ ቸኮላት ውፍረት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ልምምዱ የተጀመረው በጾሙ ውስጥ ነው። እትዬ መሥሪያ ቤት ስትሆን ጾም የኋላ ቀር ሰው ነገር ነው። ሰፈር ስትሆን ነጠላዋን አጣፍታ ልደታን ትሳለማለች። ወጥ ቤት ስትገባ ደግሞ መስኮቱን ዘግታ በማንኪያ ትቀምሳለች። እኔ እጾም ስለነበር ቀምሼ አላውቅም፤ የምሠራው በእሷ ወሬ ነው።

ወተቱን፣ ካካዎውንና ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የመጣውን ስኳር መፍጫው ውስጥ እጨምራለሁ። በረዶውን በጨርቅ ጠቅልዬ በዘነዘና እቀጠቅጣለሁ። ክዳኑን በሁለት እጄ ጫን አድርጌ እይዛለሁ፤ ካልያዝኩት ጣራ ይመታል። መፍጫው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ሲቆም የሚወጣው ግን በክረምት ሰንጋ ተራ መንገድ ላይ የሚወርደውን የጎርፍ ውሃ የመሰለ ነገር ነው። ማንኪያውን ስተክለው ኳ ብሎ ጠርዙ ላይ ይተኛል።

"እጅሽ ነው" ትላለች እትዬ። "ጀርመን የወፈረ እዚህ ሲደርስ ለምን ይቀጥናል?"

አንድ ቀን የስንዴ ዱቄት ጥሬውን ጨመረችበት፤ ሊጥ ሊጥ አለ። አንድ ቀን ሁለት እንቁላል ሰበረችበት፤ ስለዚያ ቀን ባልናገር ይሻላል። ሌላ ቀን "ስብ ነው የጎደለው" ብላ ከማሰሮው ቅቤ ዛቀች። ቅቤው የተነጠረ ነበር። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ሁሉም ገባበት። ቸኮላቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተ። እትዬ ሁለት ጊዜ ቀመሰችና "ትንሽ ቀርቧል" አለች።

ወተቱን የማመጣው ላም ካላቸው አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ነበር። አንድ ጠዋት እየቀዱልኝ ቀና አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ እናንተ ቤት ሕፃን የለ፣ በሽተኛ የለ። በፍልሰታ ሁለት ሊትር ወተት ማን ነው የሚጠጣው?"

እትዬ ያስጠናችኝን መለስኩ። "ለድመቷ ነው፣ እማማ።"

"ሁለት ሊትር?"

"አዎ።"

"ድመት ናት ወይስ ጥጃ? በይ አንድ ቀን ይዘሻት ነይ፣ እርጥብ ሣር ላብላት።"

ድመት የለንም። ፊቴ እንደ ምድጃ ነደደ። የምትዋሸው እትዬ፣ የሚቀላው የእኔ ፊት።

ጋሼ በበኩሉ ሰኞ ሰኞ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የውይይት ክበብ ይመራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቆሞ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ይለማመዳል፤ ስለ ራስ መቻል፣ ስለ አገር ምርት፣ ከባዕድ ጥገኝነት ስለ መላቀቅ። መፍጫው ሲነሳ የገዛ ድምፁ አይሰማውም።

"ኧረ አንድ ጊዜ አቁሙልኝ!" ይላል።

እናቆምለታለን። ራስ መቻሉን አንብቦ ሲጨርስ የጀርመኑን መፍጫ መልሰን እንከፍታለን።

አሁን ስለ ቡላው ልናገር። እናቴ በየመስቀሉ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ የአገር ሰው ባገኘች ቁጥር አንድ ከረጢት ቡላ ትልክልኛለች። የመጀመሪያው የደረሰ ቀን እትዬ አፍንጫዋን ይዛ "ይሄ የገጠር ነገር ፍሪጄ ውስጥ እንዳይገባ" አለች። ቡላ ፍሪጅ አይፈልግም። ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ከእሷ የፊት ዱቄት ያነሰ ይሸታል። ጋሼ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ጋሼ ያደገው በቡላ ነው፤ እናቱ ከእኛ ጓሮ አጥር ማዶ እንሰት ስትፍቅ የኖረች ሴት ናት። እሱም አፍንጫውን ያዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከረጢቱ የሚኖረው የእኔ ሳጥን ውስጥ፣ ከልብሴ ሥር ነው።

እሑድ ደረሰ። ጾሙ ተፈቷል። እትዬ ከጠዋት ጀምሮ ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች፤ ስትወጣ "ዛሬ አንቺን አያድርገኝ" ብላኝ ነበር። ፎርሙ ፍሪጁ ላይ አቧራ ለብሷል። ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ ወተቱን አየሁት፣ መፍጫውን አየሁት። እንደዚያው ብሠራው ቀጭን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሳጥኔን ከፈትኩ።

ቡላውን በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩ። ወተቱን ቡታጋዝ ላይ ጥጄ፣ ሞቅ ሲል ብጥብጡን እያማሰልኩ አወረድኩበት፤ እናቴ ለአራስ አጥሚት ስትሠራ እንደምታደርገው። አንጸባረቀ፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ፈላ። አውርጄ አበረድኩትና ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት፤ እንዳይገባ የተባለበት ፍሪጅ ውስጥ። ሲቀዘቅዝ ከካካዎው፣ ከስኳሩ፣ ከጥቂት ጥሬ ወተትና ከበረዶው ጋር መፍጫው ውስጥ ጨመርኩት። መፍጫው እያቃሰተ ዞረ። ቀድቼ ማንኪያውን ተከልኩት።

ማንኪያው እንደ ዘበኛ ቆመ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ያስጨነቀው ነገር ይሄ ነው? ጥርስ ያለው ትልቅ ሰው ተቀምጦ የሚጠጣው አይመስለኝም። ግን ወፍራም ነበር፤ የተፈለገውም ውፍረቱ ነው።

እንግዶቹ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ብርጭቆዎቹን በትሪ አቅርቤ በሩ አጠገብ ቆምኩ። የአለቃው ባለቤት ማንኪያዋን ተከለች፣ ለቀቀችው፣ አጨበጨበች።

"ይሄማ ልክ ውጭ አገር እንደሚጠጣው ነው!" አለች። ወጥታ አታውቅም፤ እዚያው ስትቀመጥ ከደብረ ዘይት አልፋ እንደማታውቅ ተናግራ ነበር።

"ጓድ፣ በርሊን ለካ አንተ ቤት ነው ያለችው!" አለ አለቃው፣ ከንፈሩ ላይ የቸኮላት ጢም አብቅሎ።

ጋሼ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ። ምላሱ አውቆታል። ቀና ብሎ በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ አየ። "ይሄማ የእናቴ ቤት ነው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። አላለም። ዝቅ ብሎ ጠጣ፤ ሁለተኛ ጠየቀ፣ ሦስተኛም ጠየቀ። ሰው ወደ ሌላ ሲያይ የብርጭቆውን ውስጥ በጣቱ ጠርጎ ላሰ፤ እኛ አገር ሕፃናት የአጥሚት ጣሳ እንደሚልሱት።

"በሞቴ እህቴ፣ ምንድን ነው እንዲህ ያወፈረው?" አለች የአለቃው ባለቤት።

እትዬ የጨመርኩትን አታውቅም። ለአንድ ትንፋሽ እንኳ አልተደናቀፈችም። "ከጀርመን ያመጣሁት ማወፈሪያ አለ" አለች።

"ወይኔ! ለእንቁጣጣሽ እንግዶች አሉብኝ፣ ትንሽ አይኖርሽም?"

"ለአንቺማ! ነገ በጠዋት ሹፌሩን ላኪው።"

እንግዶቹ እንደወጡ እትዬ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

"ምን ጨመርሽበት?"

ጫማዋን አየሁ።

"ልጅት! አፍ የለሽም?"

"ቡላ ነው፣ እትዬ።"

"ቡላ?" ድምጿ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። "ያንን... ለአለቃው አጠጣሽው? ለባለቤቱ?"

"አዎ።"

"ለእኔም?"

"እርስዎ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተዋል፣ እትዬ።"

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እንግዲህ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ስታሰላ ቆየችና "ተርፏል?" አለች።

"ሳጥኔ ውስጥ አለ።"

"አምጪው።"

ከረጢቱን ይዤ ስመለስ ባዶውን የካካዎ ቆርቆሮ አጥባ፣ የጀርመን ጽሑፉን ወደ ፊት አዙራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ከፍሪጁ ላይ ፎርሙን አወረድኩ። አቧራውን ጠረግኩና ቆርቆሮው አጠገብ ዘረጋሁት። የከረጢቱን አፍ ግን አልለቀቅኩም።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ፎርሙ ነው፣ እትዬ። ነገ ይዘጋል።"

"አሁን ይሄ ሰዓቱ ነው? ልቀቂው!"

እጄ አልለቀቀም። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ዓይኔ ከጫማዋ አልተነሳም። ጣቶቼ ብቻ ከረጢቱ ላይ ደረቁ። በዚህ መሀል ጋሼ ውሃ ሊጠጣ ገባ። ከረጢቱን አየ፣ ፎርሙን አየ፣ ሁለታችንንም አየ። ውሃውን ሳይጠጣ ተመለሰ። ራስ መቻል የሚለው ይህንን ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ እስክሪቢቶ አንስታ ፈረመች። ፊርማዋ የወረቀቱን ግማሽ ይዟል። ከዚያ ከረጢቱን ለቀቅኩላት።

ቆርቆሮውን እስከ አፉ ሞላች፣ በማንኪያ ጠቀጠቀች፣ ክዳኑን በፕላስተር አሸገች። ስታሽግ እያየኋት ነበር። እንዴት እንደሚሠራ አንድ ነገር አልጠየቀችኝም። ያልበሰለ ቡላ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ቢገባ እንደ ኖራ ከታች ይዘቅጣል። አገራችን ያለ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ያውቃል። ጋሼም ያውቃል። እሱም ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሹፌሩ ቆርቆሮውን ወሰደ። እኔም ሄጄ ተመዘገብኩ።

ትምህርቱ የተጀመረው ከአዲሱ ዓመት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደብተሬን ይዤ ከበሩ ስወጣ እትዬ እየሮጠች ደረሰችብኝ።

"አልሆነላትም!" አለች። "በእንግዶቿ ፊት ታች ቁጭ ብሎ ቀረ! አሸዋ ነው የላክሽልኝ ብላ ስልክ ላይ ጮኸችብኝ። ምን ጎድሎት ነው?"

"ይበስላል፣ እትዬ።"

"ምኑ?"

"ማወፈሪያው።"

"እና ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝም።"

በእጇ ወደ ኋላ ጠቆመች። ከኋላዋ የአለቃው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። "በይ ግቢ፣ አሁኑኑ ሄደሽ ሥሪላት! ዛሬም እንግዳ አለባት። ጋሼ በዚህች ሴት ምክንያት ዕድገቱ ሊቀርበት ነው!"

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ያየሁት። ቡናማ ነው፤ ሌላ ምንም የተለየ ነገር የለውም። ሁለት ዓመት ያን ፈርቼ መኖሬ ገረመኝ።

"ትምህርት አለኝ፣ እትዬ። ማታ እንድወጣ ፈቅደው ፈርመዋል።"

ሹፌሩ እኔ የምገባ መስሎት ወርዶ የኋላውን በር ከፈተልኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬው በተከፈተው በር አጠገብ በእግሬ አለፍኩ። ከኋላዬ እትዬ ጋሼን ስትጠራ ሰማሁ፤ ድምጿ እንደ መፍጫው ነበር። ጋሼ አልወጣም። እኔም አልዞርኩም፤ ዳገቱን ፈጥኜ ካልወጣሁት ደወሉ ይቀድመኛል።