ዋርካው ሥር የተደወለ ስልክ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ጉራ ነው ካላችሁም ይሁን፤ ደክሜበታለሁ። የታሪክ መምህር ነኝ፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴንም የሠራሁት በዚያ አገር ምርጫ ታሪክና ውጤት ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት መጣ ሲባል ሻይዬን ጥዬ እሮጣለሁ፤ ሲጠፋ ደግሞ ስልኬ ላይ ያወረድኩትን አነባለሁ። ባልደረቦቼ «የአምባሰልን ጨርሰሽ ነው የአሜሪካን የጀመርሽው?» እያሉ ይስቁብኛል። «የአምባሰልን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ» እላቸዋለሁ።

ጥናቴን ከአማካሪዬ በላይ ይከታተል የነበረው አባቴ ነው። አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ካለችው የሽንብራ ማሳችን ሲመለስ በረንዳው ላይ ይቀመጥና «እስቲ፣ ዛሬስ የትኛው ተሾመ?» ይለኛል። ሕዝቡ በቀጥታ ፕሬዚዳንቱን ሳይሆን የየክፍለ ግዛቱን መራጮች እንደሚመርጥ፣ በዚህም የተነሳ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሰው የተሸነፈበት ጊዜ እንዳለ ስነግረው ራሱን ያዘ።

«ኧረ በአላህ! ብዙ ሰው ወዶት ተሸነፈ?»

«አዎ አባዬ። አንዴ ብቻም አይደል።»

«እና ያ የተሸነፈውስ? ምን አለ?»

ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። እኔ ስለ አሸናፊው ሳወራ እሱ ስለ ተሸናፊው። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር፤ ታሪክ የሚሠራው ያሸነፈው ነው ብዬ እከራከረዋለሁ። እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ነገርኩት፤ ድሮ ቴሌግራም ይልኩ ነበር፣ በኋላ ግን የተሸነፈው ላሸነፈው ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ ማለት ልማድ ሆነ፤ ያልደወለም አለ። «ያልደወለም አለ?» አለና ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ።

አባቴ እንዲህ የሚሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነበር። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናው እሱ ነው። እኛ ጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሬሳ ተሸክሞ ይሸኛል። ጥናቴን በምሠራበት ዓመት ግን አዲስ ዳኛ ይመረጥ ተባለ፤ ከአባቴ ጋር የቀረበውም የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆነ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። ጎበዝ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ወሬው ግን ከሰውየው በላይ ሄደ። ሰው ጎራ መለየት ጀመረ። አጎቴማ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ በአደባባይ «ወንድሜ ከወረደ ድስቱንና ድንኳኑን ተካፍለን የራሳችንን ቅሬ እናቆማለን» እያለ ይዝት ነበር። ከወፍጮው ባለቤት ወገን ያሉትም ካላሸነፍን እኛም እንለያለን ይሉ ጀመር። አባቴ እህል እየቀመሰ ይተወዋል። የሚፈራው ሹመቱን ማጣት አልነበረም፤ በእሱ እጅ የኖረ ቅሬ በእሱ ምክንያት እንዳይፈርስ ነበር።

ምርጫው እሑድ ረፋድ ላይ፣ ቅሬው በሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር፣ እጅ በማውጣት ሆነ። አባቴ በጥቂት እጅ ተሸነፈ።

ማንም አላጨበጨበም። አጎቴ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ። «በሉ እንግዲህ፣ ድንኳኑ ይከፈል!» አለ። ከወዲያ በኩልም «ይከፈላ!» የሚል ድምፅ መጣ። አባቴን ሳየው ኮቱ ኪስ ውስጥ እየዳበሰ ነው። መነጽሩን አወጣ፤ ቀጥሎ ያቺን ባለ ቁልፍ ስልኩን አወጣና ይነካካ ጀመር። ፖሊስ ሊጠራ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ከዋርካው ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረወር ሳይሆን እጅ ቢዘረጋ ሊደርስ ከሚችልበት፣ የወፍጮው ባለቤት ስልክ ጮኸ። ሰውየው ስልኩን አየ፣ አባቴን አየ፣ ግራ ገባው። ቢቸግረው አነሣው።

«አቤት፣ አባባ?»

አባቴ ስልክ ሲያወራ ይጮሃል፤ ወልዲያ ድረስ በድምፁ የሚያደርሰው ይመስለዋል። «ሃሎ! ይሰማል?»

«ይሰማኛል አባባ፣ እዚሁ ነኝ እኮ።»

«እዚያው ሁን! እንኳን ደስ ያለህ ልጄ! አላህ ያግዝህ፣ ሸክሙን ያቅልልህ! የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፣ ትረከበኛለህ! ድንኳኑ አንድ ነው፣ አንድ አድርገህ ጠብቀው!»

አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ሌላው ቀጠለ፣ ከዚያ ዋርካው ሥር ያለው ጀመዓ በሙሉ። እኔ መጀመሪያ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር፤ ወዲያው ግን እንባዬ መጣ። የወፍጮው ባለቤት ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ መጥቶ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አባቴ ቀና አድርጎ አቀፈው። አጎቴም አፉን በጋቢው ሸፍኖ ቢታገልም ሳቁ አመለጠው፤ ተመልሶ ቁጭ አለ። በዚያ ሳቅ መሐል ድንኳን ይከፈል ብሎ የሚደግም ከየት ይመጣል!

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የእኔ አባት ሲሾምም አልበላ፣ ሲሻርም አልቆጨው። ስንቱን የዚያን አገር ተሸናፊ አንብቤአለሁ፤ ቃሉ የሚያምር አለ፣ ያስለቀሰኝ ግን የራሴው ነው። የማን ልጅ ነሽ ስባል አሁንም ደረቴን ነፍቼ ነው የምመልሰው።

ወደ ቤት ስንሄድ እኔ አሁንም እየሳቅሁ ነበር። አባቴ ቆም አለ።

«ምነው፣ ተሳሳትኩ እንዴ? ስልክ ነው የሚደውሉት አላልሽኝም?»

«እነሱማ ተራርቀው ስለሆነ ነው፣ አባዬ።»

«እኛም እኮ» አለ፣ «ተራርቀን ነበር።»

ድንኳናችን ዛሬም አንድ ነው።