ምስማር የማይመታበት ግድግዳ

ባለፈው እሑድ ልጄ የአባቴን ፎቶግራፍ ፍሬም ውስጥ አስገብታ፣ መዶሻና ምስማር ይዛ ሳሎኑ ግድግዳ ፊት ቆመች። ልትመታ እጇን ስታነሣ ሳላስበው፣ "ተይ! እዚያ አይመታም!" ብዬ ጮህኩ። ደንግጣ ዞረች። እኔም በራሴ አፈርኩ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በብሎኬት ግድግዳ ላይ፣ የምን "አይመታም" ነው? ግን ምን ይደረግ፣ የልጅነት ነገር ከሰው አጥንት አይወጣም።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ገርጂ ነበር። ያኔ ገርጂ እንደ ዛሬው አይደለም፤ ከጓሯችን ጀምሮ የጤፍ ማሳ ነው፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል። አባቴ ጋሽ ደምሴ ከጎጃም መጥቶ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነው። ሁለት ጠመንጃ ነበረው፤ አንድ ምንሽርና አንድ አልቤን። ለሁለቱም የየራሳቸው ዝናር፣ ዝናሩም ጢም ብሎ የሞላ። ደመወዝ በወጣ ቁጥር ከአገሩ ልጆች ጥይት ሳይገዛ ቤት አይገባም። "ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዘነዘና አይሻልም" ይላል። እናቴ ደግሞ፣ "ጤፉ አልቋል፣ ጥይቱ ሞልቷል፤ እስቲ እሱን ቆልቼ ላቅርብላችሁ" እያለች ታበሽቀዋለች። እሑድ እሑድ ጥይቶቹን በአመድና በጨርቅ የምወለውል እኔ ነበርኩ። ሳጥኑ ሲከፈት የሚወጣው የቅባትና የቆዳ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ መሣሪያ ያለው ሁሉ ቀበሌ ያስረክብ ተባለ። አባቴ ሁለቱንም ጠመንጃ ወልውሎ፣ ቀብቶ፣ ልጁን እንደሚድር ሰው እያየ ሰጠ። የአልቤኑን ዝናርም ሰጠ። የምንሽሩን ግን፣ "ጥይቱ አልቋል" ብሎ አስቀረው። ወይ ጉድ! የጋሽ ደምሴ ጥይት ያልቃል? እናቴ ስትቆጣው፣ "ጠመንጃዬን ወሰዱ፤ በዝናሬ እንኳ ይለቀስልኝ" አላት። በእሱ አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃውና ዝናሩ ለቅሶው መሃል ይወጣል፤ በእሱ ይፎከራል፣ በእሱ ይለቀሳል። ያለዚያ የሞተው ሰው ወንድ መሆኑ በምን ይታወቃል?

አንድ ጠዋት ከኦሎምፒያ የመጣች ጎረቤት፣ "አሰሳ ነው፣ ወደ እኛም እየመጡ ነው" ብላ አለፈች። ጠመንጃ በሌለበት ቤት ጥይት መገኘቱ ከጠመንጃው የባሰ ነበር። "ጠመንጃውን የት ቀበርከው?" ይባላል፤ አባቴ የሌለውን ከየት ያመጣል? በዚህ ሰበብ ተወስደው የቀሩ ሰዎችን በስም እናውቃለን።

እናቴ ያን ሰሞን ዝናብ የበላውን ግድግዳ ልትመርግ ጭቃ በጭድ አቡክታ ነበር። ዝናሩን ከሳጥን አወጣች። ጥይቶቹን አንድ በአንድ ከማገሩ ጀርባ እየወሸቀች በጭቃ ትደፍናለች፤ እኔ ጭቃ አቀብላለሁ። ባዶውን ዝናር ቆራርጣ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቆዳው ሲቃጠል ያይ ነበር። እንዴት እንዳሳዘነኝ!

ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጠባቂዎቹ ገቡ። አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ታደለ ነው። አልጋ ገለበጡ፣ የእህል ጆንያ በሽቦ ወጉ፤ ምንም አጡ። ሊወጡ ሲሉ አባቴ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ የታደለን ጠመንጃ ትክ ብሎ አየና፣

"ስማ ልጄ፣ ስንት ጥይት አለህ?" አለው።

እናቴ ክው አለች።

"ሦስት ናት የሰጡኝ፣ ጋሼ።"

"በሦስት ጥይት አብዮት ይጠበቃል እንዴ? የሰጠህ ሰው አያፍርም?"

ታደለ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ "እርስዎ ካለዎት ይስጡኛ" አለው።

እናቴ በጭቃ እጇ ነጠላዋን ጨብጣ ቀረች። ጀርባዋ ያለው ግድግዳ ገና እርጥብ ነው። አባቴ ግድግዳውን አላየም፣ ታደለንም አላየም፤ መሬት መሬቱን እያየ፣ "የለኝም" አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። እነሱም ወጡ።

አባባ ተረፈልን። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ጠመንጃ አውርቶ አያውቅም። በዚያ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ክልክል ሆነ፤ እናቴ ለበዓል ኖራ ስትቀባው እንኳ እጇን አታጠብቅም ነበር። ደርግ ሳይወድቅ አባቴ ታሞ ሞተ። ለቅሶው ላይ የአገሩ ሰዎች፣ "ጠመንጃው የታለ? ምን ይዘን እንፎክር?" አሉ። ግድግዳ አፍርሶ ጥይት ማውጣት በዚያን ጊዜ አይታሰብም። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ሄዳ ጀርባዋን ለዚያ ግድግዳ ሰጥታ ቆመች፤ ለቀስተኛው እስኪበተን እዚያው ቆማ አለቀሰች። እብድ ሳይሏት አልቀሩም።

በኋላ እሷም አረፈች፣ ሰፈሩም ፈረሰ፣ አፈሩን መኪና ጫነው። የት እንደደፋው አላውቅም። እኔ ዛሬ ዘይት ከተገኘ ሁለት ጀሪካን ነው የምገዛው፤ ስኳርም፣ ሻማም፣ ክብሪትም። ልጄ፣ "እማዬ፣ ሱቅ ልትከፍቺ ነው?" እያለች ትስቅብኛለች። ያልቅብኛል የሚለው ፍርሃት ከአባቴ የወረስኩት ነው መሰል፤ ኤዲያ፣ እሱም ያደክማል።

እሑድ ዕለት መዶሻዋን እንደያዘች፣ "ግድግዳው ውስጥ ምን አለ?" አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደምጀምር ግን አላወቅኩም።

"ምንም የለም፤ ምቺው" አልኳት፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።