ብር ባይቸግርህ የቱን ጥይት ትመርጣለህ?

በሕይወቴ አንድም ቀን ሽጉጥ ተኩሼ አላውቅም። መካነ ሰላም ከተማ ላይ ይህን የሚያምነኝ ሰው አታገኙም። እኔ እሸቴ፣ መናኸሪያው በር ላይ ዝናርና የሽጉጥ አፎት የምሰፋው፣ ጥይት በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢሰጠኝ በጣቴ ዳብሼ ስንት ሚሊ እንደሆነ የምናገረው፣ አልተኮስኩም። ድምፁን እፈራለሁ። ሰርግ ላይ ተኩስ ሊጀመር ሲል ሽንቴ መጣ ብዬ ወደ ጓሮ የምሄደው ለዚህ ነው። ይኸው፣ ስቃችሁ ጨርሱ። ይህኛው ቀላሉ ነው።

ከባዱን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። እሳቸው ዘንድ ስሄድ ጾም መሻሬን እናገራለሁ፣ አፌን አለመግታቴን እናገራለሁ፣ ይህችን እዘላታለሁ። ለምን እዘላታለሁ? ሰው አልገደልኩም፣ የሰው በሬ አልነዳሁም። ጥይት ነው የመረጥኩት። ጥይት መምረጥ ምን ኃጢአት አለው እያልኩ ስንቴ ራሴን አሞኘሁት። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። እንግዲህ ለናንተ ልናዘዝ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ። ዝናር የሚሰፋ ሰው ጥይት ማወቅ ግዴታው ነው። ማስገቢያው ከጠበበ ጥይቱ አይገባም፣ ከሰፋ ደግሞ ባለቤቱ ሲሮጥ እየተንጠባጠበ ይቀራል። ስለዚህ ደንበኛው አንድ ጥይት ለልክ ትቶልኝ ይሄዳል፤ እኔ ቆዳውን በላዩ ጠቅልዬ በወስፌ እበሳለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ቆዳውን ከእጄ ተማርኩ፣ የጥይቱን ነገር ደግሞ ከስልኬ ለቀምኩ። ስልኬ ላይ ፈረንጆች ተቀምጠው ስለ ጥይት ውፍረት ሲከራከሩ አያለሁ፤ ቋንቋቸውን ባልሰማም የሚያሳዩትን አያለሁ። ከደሴ ወዲህ እንደኔ የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር የማወራው። አሁንም የለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የገበያ ቀን ሱቄ ይሞላል። ጎረቤቴ ፋጤ ሻይ ታመላልሳለች፣ ሰው ዱካ እየሳበ ይቀመጣል፣ ጨዋታው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ብር ባይቸግርህ የቱን ሽጉጥ፣ የቱን ጥይት ትመርጣለህ? ኪሱ ባዶ የሆነ ሁሉ ይመርጣል። ባሻ ደምሴ የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር አሉ፤ የሳቸው መልስ ተለውጦ አያውቅም።

"ዘጠኝ ሚሊ" ይላሉ። "ጥይቱን ከጎረቤት ትዋሳለህ፣ የቸገረህ ለት ደግሞ በማግስቱ ትሸጠዋለህ።"

እኔ ለዘጠኝ ሚሊ ከንፈሬን እመጥጥለታለሁ። "ብር ካልቸገረኝማ አርባ አምስት የሚሉትን ነው የምይዝ። በሚሊ ሲለካ አስራ አንድ ከምናምን ነው። አውራ ጣት በሉት።"

"አይተኸው ታውቃለህ?"

"ባሻ፣ እርስዎ ገነትን አይተዋታል? ይኸው በየእሑዱ ይመኟታል አይደል።"

ሰው ይስቃል፣ ፋጤ ብርጭቆዋን ይዛ ትስቃለች፣ ባሻም ሳቁ ሲያስቸግራቸው ይስቃሉ። እኔ አሸነፍኩ ማለት ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስንት ገበያ አሸነፍኩ መሰላችሁ።

ይማም ጓደኛዬ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያርሳል። አባቶቻችን በሬ ይቀናጁ ነበር፤ እሱ ለኔ ፋሲካ ይመጣል፣ እኔ ለሱ አረፋ እሄዳለሁ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ እኔ ለሁለታችን አወራለሁ። ልጁ ሰዓዳ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የምትልከው ብር ለአንድ ነገር ነው፤ አባቷ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት እንዲሠራ፣ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ የሚሆን ክፍል እንዲኖረው፣ እሷም መጥታ እዚያ እንድትነግድ። ቤቱ ካለቀ ትመለሳለች፣ ካላለቀ አትመለስም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ ሰፈሩም ያውቃል።

ያን ሰሞን የይማም ጎረቤቶች ከብት ተነዳባቸው። ይማም ፈራ፣ ሽጉጥ አማረው። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ሰዓዳ ናት።

"ጋሼ እሸቴ፣ አባዬ ሽጉጥ ልግዛ ይላል። እርስዎን ይሰማል። የላክሁት ለቤቱ ነው፣ ቤት ከሌለ ምን ላይ ልመለስ? እባክዎ ተው ይበሉልኝ።"

"አብሽሪ ልጄ" አልኳት። "ለኔ ተይው።"

ደረቴን ነፍቼ ነበር ያልኳት። ይማም እኔን እንደሚሰማ ስትናገር ደስ አለኝ፤ ሌላው ነገር በጆሮዬ አልፎ ሄደ።

ታዲያ ይማም የመጣው መቼ ነው? በገበያ ቀን፣ ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ያው ጨዋታ ደርቶ ሳለ። በሩ ላይ ቆመና፣ "እሸቴ፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው። ብር አይቸግርም፣ ሰዓዳ ልካለች። የቱን ልያዝ?" አለ።

ያን ጥያቄ በእውነት ብር ይዞ የጠየቀ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ባሻ ደምሴ ሻያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። የሰዓዳ ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ረሳሁት ብል እዋሻለሁ። "ይማም፣ ና ወደ ውስጥ፣ ልንገርህ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ተው ባልለው እንኳ፣ ባሻ ያሉትን ስማ ብለው ይበቃ ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለባሻ ልሸነፍ? የጥይት አዋቂው እሸቴ ሽጉጥ አትግዛ አለ ይባል? እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ ያሰብኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

"አርባ አምስቱን" አልኩ። "ብር ካልቸገረህ ምን ያከራክራል። ዘጠኝ ሚሊ እረኛ ይያዘው።"

"ጥይቱን ከየት ያመጣል?" አሉ ባሻ።

"ሽጉጡ ያለበት አገር ጥይቱ አይጠፋም።"

አባባሉን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ያን ጊዜ ፈጠርኩት። ሰው ሳቀ፣ ይማም ግን አልሳቀም፤ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። አምኖኝ ሄደ። እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ እኔ፤ ማንም አፌን ከፍቶ አላናገረኝም።

ሽጉጡ ከሩቅ በሰው በሰው መጣ። ፈቃዱን እንዴት እንዳወጣ አልጠየቅሁትም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። አብሮት የመጣው ጥይት ከአንድ እፍኝ አያልፍም። አፎቱንና ዝናሩን እኔ ሰፋሁለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ አልሠራሁም፤ የጥይቱ ማስገቢያ ሁሉ እንደ ብርሌ አንገት የቆመ። ይማም ሲታጠቀው ሱቄ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ፣ "ማሻአላህ፣ ጠላትህ ይይበት" አለው።

ከዚያ የወንድሙ ልጅ ሰርግ መጣ። ይማም ጥይቱ እንዳያልቅ ፈርቶ እጁን ሰብስቦ ተቀምጧል። "አንተ፣ አስራ አንድ ሚሊ ይዘህ እንደ ሙሽራ ታፍራለህ?" አልኩት። ሰው ተቀበለኝ፤ አሰማን፣ አሰማን ይለው ጀመር። እኔ ሹልክ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ይማም አሰማ። ስመለስ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ይስቃል፣ በዝናሩ ላይ አንዲት ጥይት አልቀረችም። ሌላ ጥይት ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ቢፈለግ ጠፋ። ሽጉጡ የብረት ቁራጭ ሆኖ ቀረ። ቤቱም ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ሳይለብስ ክረምት ገባበት።

ሰዓዳ መጣች። ኮንትራቷ አልቆ፣ አሠሪዋ ካልታደሰ አላቆያትም ስትል፣ እሷም ቤቱ ቢጎድለው ጥቂት ነው ብላ መጣች። አባቷ ያልነገራትን በዓይኗ አየችው። ይማም ያን ጊዜ ነው ሽጉጡን ሸጦ ቆርቆሮ ሊገዛ የተነሳ። አጅባር ገበያ ወሰደው፣ ገዢ አጥቶ መልሶ አመጣው። ወረኢሉ ስትሄድ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት፤ አፍ አለኝ አይደል፣ አፌ ይሸጥልሃል አልኩት።

ወረኢሉ ላይ አንድ ሰው ሽጉጡን ተቀብሎ አገላበጠው፣ አፈሙዙን በጣቱ ለካው።

"ውፍረቱስ ያስፈራል። ጥይቱስ?"

ይማም ወደኔ ዞረ።

"ይመጣል" አልኩ።

"ከየት ነው የሚመጣ?"

"ከመጣበት ነዋ።"

"እንግዲያው እሱ ሲመጣ እኔም እመጣለሁ" ብሎ ሽጉጡን መለሰለት። አጠገቡ የቆመው ደግሞ፣ "ወንድሜ፣ ለሚስትህ ስጣት፣ በርበሬ ትደልዝበት" አለው። ገበያተኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀልዱ ጥሩ ነበረ፣ ልማዴ ነውና ሳቅሁ። ይህንንም ጻፉልኝ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ይማም መስኮቱን እያየ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። "ባሻ ዘጠኝ ሚሊ ብለው ነበር" አለ። ዘጠኝ ሚሊ ብዬው ቢሆን ያን ዕለት እዚያው ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር። ስህተቱን ገዝቶ ስህተቱን ይሸጠው ነበር፣ ቆርቆሮውም ይለብስ ነበር። እኔ ግን መመለሻ የሌለው ስህተት መረጥኩለት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን ካልኩት ጥፋት መካነ ሰላም ግማሹን ያውቀዋል። ይህን ግን ማንም አያውቀውም።

ሰዓዳ ሱቄ መጣች። ቦርሳ ይዛለች፤ ማንገቻው ተበጥሷል።

"ጋሼ፣ ጠንከር ባለ ክር ይስፉልኝ። ተመልሼ ልሄድ ነው።"

ቦርሳውን ተቀብዬ ወስፌዬን አነሳሁ። ቀና ብዬ አላየኋትም። እሷ ግን ዱካው ላይ ተቀመጠችና፣ "አባዬ ነግሮኛል" አለችኝ። "እሸቴ ተው ብሎኝ ነበር፣ እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩት፣ ሽጉጡንም ራሴ ነኝ የመረጥኩት ብሎኛል። ቃልዎን ስለጠበቁልኝ አላህ ይስጥልኝ።"

ይማም። ልጁ ለኔ መደወሏን ከሷው ሰምቶ፣ እኔ ቃሌን እንደበላሁ ገብቶት፣ ጥፋቴን ራሱ ላይ ጭኖ፣ በልጁ ዓይን ሞኝ ሆኖ መቅረትን መርጦ። እኔን ላለማሳፈር።

እኔስ ምን አልኩ? እዚያው ላይ እውነቱን ብናገር ያልቅ ነበር። ሱቁ ባዶ ነው፣ ባሻ የሉ፣ የሚስቅ የለ፣ የማሸንፈው ሰው የለ። ማስመሰያ ምክንያቴ ሁሉ አልቋል።

"ምን ላድርግ ልጄ" አልኳት። "አልሰማኝም።"

እንዲህ አልኳት። እኔ፣ በዚህ አፌ። ባሻ ፊት ያደረግሁት ጉራ ነው፤ ይህኛው ግን ምንድን ነው? ስም አውጡለት። ጓደኛዬ የሸፈነኝን ጋቢ ገፍፌ መልሼ እሱን መታሁበት። እሷም በአባቷ እንዳዘነች ሄደች። ማንገቻውን ደግሜ ደጋግሜ ሰፋሁት፤ እስከ ዛሬ እንዳልተበጠሰ አውቃለሁ። እሱም ያኮራኛል መሰላችሁ? ሥራዬ ነው፤ ትንሽ ያኮራኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ዛሬም የገበያ ቀን ያ ጨዋታ ይነሳል። ብር ባይቸግርህ የቱን ትመርጣለህ? ይሉኛል። ብር የማይቸግረው ሰው ማን እንደሆነ አስቤበታለሁ። ብሩ የሌላ ሰው የሆነለት ነው። እኔ ያን ዕለት በሰዓዳ ድካም፣ በሰው ቤት ባጠበችው ሳህን ነበር የመረጥኩት፤ ስለዚህ ምንም አልከበደኝም። አሁን ሲጠይቁኝ ጎረቤትህ ያለውን ያዝ እላለሁ። ባሻ ተሸነፍክ ይሉኛል። እሺ ባሻ እላቸዋለሁ። ምን ነካህ ይላሉ፣ ሳቅ አድርጌ አልፋለሁ።

አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ልል ነበር የተነሳሁት። ሳስበው ግን አፉታ ከናንተ አይደለም የሚጠየቀው። እኔ ወጣት አልነበርኩም፣ አልሰከርኩም፣ አልተገደድኩም። ምክንያት የለኝም።

ካላመናችሁኝ መካነ ሰላም ሄዳችሁ ጠይቁ። ፋጤን ጠይቋት፣ ያን ዕለት ሻይ ስታቀብል ሰምታለች። ባሻ ደምሴን ጠይቋቸው፣ ዘጠኝ ሚሊ ማለታቸውን በደስታ ይነግሯችኋል። ይማምንም ጠይቁት፤ ራሴ ነኝ የመረጥኩት ይላችኋል፣ እሱን አትመኑት። ከሁሉም ሰዓዳን ጠይቋት። በመጪው ጁምዓ እረፍት አላት፣ ስልክ ቁጥሯ እኔ ጋ አለ። ጁምዓው ካለፈ በኋላ፣ ያ ዝናር ሰፊ ደውሎ እውነቱን ነግሮሻል ወይ? በሏት። አልደወለም ካለቻችሁ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለጉራ ነው፤ እንደ ልማዴ።