በጉሙ ውስጥ ያወራሁት ተረት

ልጅ ሳለሁ አጎቴ አያ ካሴ እኔንና ወንድሜን ዓሣ ሊያሳዩን ወደ ተራራው ይዘውን ወጡ፤ እሳቸው አልተመለሱም።

እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ቤታችን ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ፣ ብርድ የማይለቀው ዳገት ላይ ነበር። ያኔ የማታው ምግብ ትንሽ ስለነበር አያ ካሴ ተረት ያበዙ ነበር። ጋዝ እንዳያልቅ ኩራዙን አጥፍተን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ በፍሙ ብርሃን ብቻ ተቀምጠን፣ ከገደሉ በላይ ስላለው ትንሽ ባሕር ያወሩልናል። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ ሲበትኑ፣ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፍ ነበር አሉ። በእጅ መልቀም ነው።

የገና ጾም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ፣ ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ ነው፣ አንድ ማታ ሳቀና «አያ ካሴ፣ ዓሣውን በወሬ አጠገቡን እኮ። አጥንቱ ጉሮሮዬን ሊወጋኝ ነው» አላቸው።

እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ተነሡ» አሉ።

የጓሳውን ሣር እየረገጥን፣ በረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች መካከል አልፈን ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ባሕሩ ከአውድማ ብዙም አይሰፋም፤ ውሃው ጥቁር ነው። ከወዲያኛው ዳር ጥቂት አለፍ ሲሉ ገደል ነው። አያ ካሴ የብርብራውን ዱቄት በትነው ተቀመጡ። ምንም አልወጣም። ከሸለቆው ጉም መነሣት ጀመረ።

«አያ፣ እንውረድ» አለ ደሳለኝ።

«ውሃው በረዶ ነው። እዚህ ብርብራው ዓሦቹን ቀስ ብሎ ነው የሚይዛቸው።»

«መንገዱ ይጠፋናል።»

«ትንሽ ቆይ አልኩህ።»

ቆየን። ጉሙ ሊውጠን ሲል በወዲያኛው ዳር አንድ ነጭ ነገር ተገለበጠ። ሌላም ተከተለ። ደሳለኝ ዳሩን ይዞ ሮጠ፤ ወዲያው ከዓይናችን ጠፋ። ስንጣራ መለሰ፤ ገደሉም አብሮ መለሰ። የትኛው የእሱ ድምፅ እንደሆነ መለየት አቃተን።

በእኛ አገር ጉም ሲይዝ አንድ ሰው ካለበት አይነቃነቅም፤ ሌሎቹ ወደ እሱ ድምፅ ይመጣሉ። አያ ካሴ ትከሻዬን ይዘው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

«ከዚህ እንዳትነሣ። መጣራት ቶሎ ያደክምሃል፤ ተረት አውራ፣ ጮክ ብለህ። እንዳታቋርጥ።»

ሄዱ።

የጅቡን አወራሁ፣ የጦጣዋን አወራሁ። ሲያልቅብኝ የራሳቸውን፣ የባሕሩን ጀመርሁ። ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። በመካከሉ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ፤ ረጅም ነበር። ዝም ልል ቃጣኝ። እንዳታቋርጥ ተብያለሁና ቀጠልሁ።

ከጉሙ ውስጥ ሰው ወጣ። ደሳለኝ ነው፤ ዓሣ በጋቢው ጫፍ ቋጥሯል።

«አያስ?» አለኝ።

እሱም አጠገቤ ተቀመጠና ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ እየተቀባበልን አወራን። በማግሥቱ የመንደሩ ሰዎች የአያ ካሴን አስከሬን ከገደሉ ሥር አወጡ። ዓሣውን የበላ የለም።

ደሳለኝ ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ እህል ይነግዳል፤ እኔ ዳባት ነኝ። በበዓል እንጠያየቃለን፤ ያን ቀን አናነሣም። ለልጆቼ ተረት ከጀመርሁ በመሃል ማቆም አልችልም፤ እንቅልፍ ወስዷቸውም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።

ከዚያ ቤት የቀረነው ደሳለኝና እኔ ነን።