ከነወረቀቱ የተጋገረ ከረሜላ

ካርቶኑ ሲቀደድ ሽታው እተቀመጥሁበት ደረሰኝ። ገና ውኃ ያልነካው የስኳርና የካካዎ ዱቄት ሽታ፣ አፍንጫ ላይ እንደ አቧራ የሚያርፍ። የልጅ ልጄ ወጥ ቤት ቆማ፣ ስልኳን በስኳር ዕቃው አስደግፋ፣ አንዲት ፈረንጅ የምትለፈልፈውን እየሰማች፣ "አያቴ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምጋግረው" አለችኝ። መጋገር ትለዋለች። ሌላ ሰው የለካውን፣ የነፋውንና የቀላቀለውን ዱቄት ሳህን ውስጥ መድፋት መጋገር ከሆነ፣ ደብዳቤ የሚያድለው ፖስተኛም ደራሲ ነው። ግን በእኔ ዕድሜ የተናገሩ እንደሆነ "አያቴ ደግሞ ጀመራት" ይባላል።

እንቁላሉን ሰበረች፣ ዘይቱን ጨመረች። ከዚያ ቸኮላቶቹን ወረቀታቸውን እየገፈፈች አንድ በአንድ ሊጡ ውስጥ ትደፍቅ ጀመር። እኔም ከዚህ በኋላ መቀመጥ አቃተኝና ወደ በረንዳ ወጣሁ። ይህንኑ ጉድ በአሥራ አራት ዓመቴ ፍኖተ ሰላም ላይ ጋግሬዋለሁ ብላት ትስቅብኛለች። እናንተ ግን ስሙኝ።

ነገሩ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ በንጉሡ ጊዜ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ትምህርት ቤታችን ደግሞ ከስምንተኛ በላይ አልነበረውም። ለሴት ልጅ ከዚያ ወዲያ ያለው ወይ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ወይ ባል ነው። ለእኔ ባሉ ተገኝቶልኝ ነበር። ከቡሬ በኩል ሽማግሌ መጥቶ፣ አባቴ "ስምንተኛን ትጨርስ" ብሎ የመለሰው እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ስለ ለመነችው ነው። እሱም ቢሆን አንድ ነገር ሳያስር አልፈቀደም። "ጾም ያስገደፏት ዕለት ደብተሯን እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ በነጋታው ትዳራለች" አለ። ቀልዱን አልነበረም። የአስኳላ ልጅ ሃይማኖቱን ይለውጣል እየተባለ አገሩ ሁሉ የሚፈራበት ጊዜ ነበር።

ዲሬክተራችን አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጦ የመጣ፣ ሲተኛም የማያወልቃት የምትመስል አንዲት ከረባት የነበረችው ሰው ነው። ከገበሬ ጋር ሲነጋገር አፍንጫውን ይነፋል፤ ከባለሥልጣን ጋር ሲነጋገር ወገቡ ይታጠፋል። አሜሪካዊቷ አስተማሪያችን ደግሞ ደግ ነበረች፤ ደግነቷን አልክድም። ባልትና ታስተምረን ነበር። እስኪ አስቡት፣ የጎጃምን ሴት ልጅ ባልትና ልታስተምር ባሕር ተሻግራ የመጣች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን የምትቆርጥ ልጅ! እናቷ በፖስታ የላከችላትን ካርቶን ይዛ ክፍል ስትገባ ታቦት የያዘች ይመስል ነበር። ላዩ ላይ የጥቁር ኬክ ሥዕል አለበት። "ብራውኒ" አለችን፤ እኛም ተከትለን "ብራውኒ" አልን።

በሁዳዴ አጋማሽ ላይ ከደብረ ማርቆስ ኢንስፔክተር ይመጣል ተባለ። ከሴቶቹ አንዷን መርጦ ለአዳሪ ትምህርት ቤት የሚወስድ እሱ ነው። ዲሬክተሩ ጠርቶኝ፣ "እንግሊዝኛሽ ደኅና ነው። የአስተማሪዋን ዳቦ ጋግረሽ ለእንግዳው የምታቀርቢ አንቺ ነሽ። ደስ ካለው ትሄጃለሽ፤ ቅር ካለው እኔ የለሁበትም" አለኝ። ከዚያ ወደ አስተማሪዋ ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ "ሥጋ አለው?" ሲል ጠየቃት። እሷም ግራ ገብቷት "የለውም" አለችው። "ቅቤስ?" "የለውም፤ በዘይት ነው።" ይኸው ነው ምርመራው። እንቁላል የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ትዝ አላለውም።

ካርቶኑ ላይ ግን ሁለት እንቁላል ተብሎ ተጽፏል። እንቁላል ለማግኘት የግድ እናቴን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሁዳዴ ስለ ሆነ የሚበላው የለም፣ እናቴ ለመታቀፊያ አጠራቅማዋለች። በጾም ኬክ ልጋግርበት ነው ብላት አገር ይደበላለቃል። "ለሳይንስ ትምህርት ነው" አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ሰድዳ ሦስት አወጣችና በጭድ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "ሁለት ነው ያሉን" ስላት "መንገድ ላይ አንዱ ቢሰበርስ?" አለችኝ።

የኬክ መጋገሪያ ምድጃ አልነበረንም። አስተማሪዋ ከጋዝ ጣሳ ያሠራችውን ሣጥን የሚመስል ነገር ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጠን፣ ፍሙን ከሥርም ከላይም አደረግን። ሊጡ በኑግ ዘይት ተለውሶ ጥቁር ጭቃ መሰለ። በአገሯ ቸኮላት ፋንታ መሐሉ የሚቀበረው ከረሜላ ከዐረቡ ሱቅ የተገዛ፣ ሁለት ጫፉ በወረቀት የተጠመዘዘ ቀይ ከረሜላ ነው። አስተማሪዋ "በያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አንድ ቅበሩ" ብላን እሳቱን ልታይ ወጣች። አብራኝ የምትጋግረው የክፍሌ ልጅ "እንግፈፈው እንዴ?" አለችኝ።

"አብደሻል?" አልኋት። "የተገፈፈ ከረሜላ ለእንግዳ ይሰጣል? የጠባሽውን ነው የሚመስለው።"

እውነት ነው፤ ራቁቱን የሆነ ከረሜላ ለሰው መስጠት በእኛ ዘንድ ነውር ነበር። ስለዚህ በጨዋ ደንብ፣ እያንዳንዱን ከነልብሱ ቀበርነው። እስካሁን ሳስበው በራሴ ብልህነት እደነቃለሁ።

ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ወላጆች በሜዳው ተሰበሰቡ። የባሕር ዛፉ ጥላ ረዝሟል፤ ሹማምንቱና ወንዶቹ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ ከበስተኋላ ሣር ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ፊት ለፊት ነበር። የነፍስ አባታችንም ነበሩ። ኢንስፔክተሩ ሆዱ ቀድሞት ደረሰ፤ ዱላውን ለዲሬክተሩ ሰጠና ዲሬክተሩ እስከ መጨረሻው እንደ አሽከር ይዞለት ቆመ። ከዚያም ዲሬክተሩ ደረቱን ነፍቶ፣ "ይህ በአሜሪካ ሥልጣኔ በልጆቻችን እጅ የተሠራ፣ ንጹሕ የጾም ምግብ ነው!" ሲል አወጀ።

ሣህኑን ይዤ የቆምሁት እኔ ነኝ።

ዲሬክተሩ ቄሱን ሊያስጀምር ሲል፣ "እኔስ ይቅርብኝ፣ ውኃ ይበቃኛል" አሉ፤ ጠረጠሩ አልጠረጠሩ አላውቅም። ኢንስፔክተሩ ግን ጎንበስ ብሎ አየው። "ይህ የኑግ ልጥልጥ ነው?" አለና፣ እንደ መሳቅ ብሎ፣ "ቅመሺልኝ" አለኝ።

ያቀረበ ይቀምሳል፤ ጠጅ የሚቀዳ እንኳ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው የሚሰጥ። አልቀምስም ያልሁ እንደሆነ መርዣለሁ ማለት ነው፣ ደብረ ማርቆስም ቀረ። እንቁላል አለበት ያልሁ እንደሆነ ዲሬክተሩ በሕዝብ ፊት ተዋርዶ እኔን በሕይወት አይተወኝም። የበላሁ እንደሆነና ነገሩ የታወቀ እንደሆነ ደግሞ አባቴ ይኸው፣ አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጧል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልበላው ነበር። እግዜርን በኋላ እለምነዋለሁ ብዬ አንዱን አንሥቼ ነበር። ወደ አፌም አስጠጋሁት።

ያኔ ከሴቶቹ መሐል እናቴ ብድግ አለች።

"ጌቶች፣ አፈር ስሆን!" አለች። "ልጄ ጥርሷን ታማለች። ጣፋጭ የነካት እንደሆነ ስትጮህ ነው የምታድር። በሞቴ፣ እኔ ልቅመስላት፤ የእናቷ አፍ የሷው አፍ ነው።"

ጥርሴን ታምሜ አላውቅም። እናቴ ሰው ፊት ስትናገርም ሰምቼ አላውቅም። ተረከዟ የተሰነጣጠቀ፣ ቀሚሷ ጭስ ጭስ የሚል፣ ጠጉሯ በሁዳዴ ቅቤ አጥቶ የደረቀ፤ በዚያ ሁሉ ባለ ካፖርት ፊት እየተጎነበሰች መጥታ ከእጄ ቁራሹን ወሰደችው። አማተበች። ሙሉውን አፏ ውስጥ ከተተችና ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ሦስት ጊዜ ካኘከች በኋላ መንጋጋዋ ቀጥ አለ። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ እንደ ማፈር። ትንሽ ቆይታ፣ "ይጣፍጣል ጌቶች፣ ይብሉ" አለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ኢንስፔክተሩ ጎረሰ። አኘከ፣ አኘከ፣ ከዚያ ፊቱ ጠቆረና ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ የረጠበ ወረቀት ጎትቶ አወጣ። አስተማሪዋ ቲማቲም መሰለች። ዲሬክተሩ ብቻ አልደነገጠም፤ ውሸት ሲያስፈልገው ዘግይቶበት አያውቅም። "በአሜሪካ ደንቡ እንዲህ ነው፣ ክቡርነትዎ! ዳቦው ለእንግዳው፣ ወረቀቱ ለመታሰቢያ!" አለ። ኢንስፔክተሩም ራሱን ነቀነቀ፤ ወትሮውንም የሚያውቅ መሰለ። ከረሜላውን ገፎ ጠባና ወደደው። አራት በላ። ሹማምንቱም አዩትና እንደሱ ወረቀታቸውን ከአፋቸው እየጎተቱ፣ እያጠፉ ኪሳቸው ይከቱ ጀመር። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ያን ጊዜ የኛን ዕድል የሚቆርጡልን።

በዚያው ቀን ስሜ ተጻፈ። ደስታዬን ግን እናቴ አበላሸችብኝ ብዬ ተናድጄ ነበር። ለእኔ የመጣውን ዕድል መሐል ገብታ፣ ትልልቅ ሰዎች ፊት ለመታየት ብላ፣ በዚያ ቀሚሷ አዋረደችኝ አልሁ። ናቅኋት። እንቁላሉን ደግሞ አታውቅም፣ ለሳይንስ ነው ብያታለሁ፤ ሳታውቅ የበላችው ኃጢአት አይሆንባትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አሥራ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ለዚህ ለዚህ ይበቃል።

ከዚያ ሰንበት ጀምሮ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልገባችም። ድሮ ከሴቶቹ ፊት የምትቆም፣ አሁን ከደጅ፣ ከወይራው ሥር ቀረች። የነፍስ አባታችን በአጠገቧ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩአትም። ሌሎቹ ሲያስቀድሱ እሷ እዚያው ትሰግዳለች፤ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ግንባሯ አፈር ይይዛል። ሴቶቹ "ምን ሠርታ ይሆን?" እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር። አባቴ ሲጠይቃት "ወገቤን አሞኝ ነው፤ ውስጥ ብዙ መቆም አልቻልሁም" አለችው። ወገቡን ያመመው ሰው እንዴት ይሰግዳል ብዬ እኔ አልጠየቅሁም። እስከ ፋሲካ ድረስ አልጠየቅሁም።

በመስከረም አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አባቴ መርቆኝ ሲመለስ እናቴ መስኮቱ ሥር ቆማ ቀረች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሴቶች ሳንቲም ከሚቋጥሩበት ከዚያ ጫፍ ከረሜላ አወጣች፤ ቀዩ ወረቀት ወይቦ፣ ጥጥ ተጣብቆበት፣ በግማሽ ቀልጦ ተጠፍጥፏል። ከመጋቢት እስከ መስከረም ከሰውነቷ አልለየችውም።

"እንኪ" አለችኝ። "ልብሱን እንደ ለበሰ ነው፤ እንቁላሉ አልነካውም። የጾም ነው።"

ደንግጬ አየኋት። "እማ... ታውቂ ነበር?"

"ግቢ፣ መስኮቱን ዝጊ፤ አቧራው ይገባብሻል" አለችኝ።

አውቶቡሱ ተነሣ። ከጎኔ የተቀመጠችው ከቡሬ የመጣች የነጋዴ ልጅ ነበረች፤ ነጭ ካልሲ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ጠጉሯ ላይ ሪባን። እጄ ላይ ያለውን አየችና ከንፈሯን ሸርመም አድርጋ "ምንድን ነው እሱ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኋት።

ጂጋ ሳንደርስ፣ ከመንገዱ ግራ፣ አንድ የበቆሎ ማሳ አጠገብ፣ መስኮቱን ከፍቼ ወረወርሁት።

እናቴ በሁለተኛው ዓመት፣ እኔ ለፈተና ሳጠና፣ አረፈች። ዲሬክተሩን ካየሁ ስንት ዓመቱ፣ ማን ይቆጥረዋል። ኢንስፔክተሩም በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ሞቷል። ለእነሱ ጾም አላዝንም፤ እሱንም ቢሆን እሷ ተሸክማላቸዋለች።

አሁን የልጅ ልጄ በረንዳ ድረስ ሣህን ይዛልኝ መጣች። "አያቴ፣ ቅመሺ፤ እኔ ቀምሼዋለሁ" አለችኝ። ቀመስሁት። መሐሉ ላይ ወረቀት የለበትም፣ ለስላሳ ነው፣ ምንም አይልም። "ጎሽ" አልኋት።

ወደ አገሬ በሄድሁ ቁጥር፣ ደምበጫን አልፈን ጂጋን ስንለቅ፣ የማወራውን አቋርጬ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። ልጆቼ "ምን ጠፋብሽ?" ይሉኛል። ምንም እላቸዋለሁ። ማሳው አሁን ቤት ተሠርቶበታል፤ እኔ ጅሏ ግን ከረሜላ ስድሳ ዓመት የሚቆይ ይመስል፣ የመንገዱን ዳር ዳሩን ዓይኔ ይፈልጋል።